እርማት፦ የሄልሲንኪው የድንጋይ ቤተክርስቲያን ዋሻ አይደለም

በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ስላለው ቴምፔሊያውኪዮ ቤተክርስቲያን «ጥንታዊ ዋሻ ነው፤ እንደ ላሊበላ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ» ሲባል ደጋግሜ አያለሁ። ልክ አይደለም።

ቦታው ዋሻ ሆኖ አያውቅም። ቶሎ በሚባል ሰፈር፣ በአፓርታማዎች የተከበበ ጠጣር አለት ነበር። ንድፉ የወንድማማቾቹ አርክቴክቶች የቲሞ እና የቱኦሞ ሱኦማላይነን ነው። አለቱ በፈንጂ ተቦርቡሮ ቤተክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከፈተ።

የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ካያችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። እዚያ ጣሪያውም ግድግዳውም ያው አንድ ድንጋይ ነው። እዚህ ግን ቀና ስትሉ የምታዩት የመዳብ ጣሪያ ነው። ዙሪያውን በኮንክሪት ተሸካሚዎች መካከል መስታወት ስለገባ የቀን ብርሃን ድንጋዩ ላይ ይፈስሳል። በጣም ያምራል፤ ግን የዘመናዊ ምሕንድስና ውበት ነው።

ግድግዳው ሻካራ የሆነውም ሥራው ሳያልቅ ቀርቶ አይደለም። ድምፅ በደንብ እንዲሰማ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የመሰርሰሪያው ምልክት ዛሬም አለ። ኮንሰርት የሚበዛበትም ድምፅ በደንብ ስለሚሰማበት ነው።

ደግሞ ሙዚየም አይደለም፤ ሉተራን ምእመናን የሚያመልኩበት ቤት ነው። በአምልኮ ሰዓት ለጎብኚ ስለሚዘጋ ሰዓቱን አይታችሁ ሂዱ።