ማስተካከያ፦ የሰዓሊው ጉዞና የልጆቹ ስልጠና
ሰላም የደሴ ልጆች፣ ሰሞኑን ሰዓሊው ወንድማችን አዲስ አበባ ሙዚየም ለሙዚየም ዞሮ እንደመጣ ስጽፍ የአፈወርቅ ተክሌን ትልቁን የመስታወት ስራ ብሄራዊ ሙዚየም ነው ያየው ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ አፉ በሉኝ። ስራው ያለው አፍሪካ አዳራሽ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ የአፍሪካን ትናንት ዛሬና ነገ በሶስት ክፍል ያሳያል፣ ደግሞ እኔ እንዳልኩት ዝም ብሎ መስታወት ላይ የተቀባ ስዕል ሳይሆን ባለቀለም የመስታወት ቁርጥራጭ አንድ በአንድ ተገጣጥሞ የተሰራ ነው፣ ብርሃን ከጀርባው ሲመጣበት ነው ነፍስ የሚዘራው፣ ሰዓሊያችንም ለልጆቻችን በወርክሾፑ ሊያሳያቸው የፈለገው ይሄንኑ ስለሆነ በትክክል መጻፍ ነበረብኝ። ስልጠናው ቅዳሜ ሳይሆን እሁድ ከሰዓት ነው፣ በነጻ፣ ቀለም ከሱ፣ እናንተ ደብተር ብቻ አስይዛችሁ ላኳቸው፣ ቦታ አይሞላም አብሽሩ።