ለክብርት ፀሐይ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቋሚ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የልቦለድ መግቢያን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ ጅማዎች ክረምቱን ሙሉ እርስዎን ያየነው በወሬ ነው። ሐምሌ ላይ ሰማያችን ግራጫ ነው፣ አወይቱ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል፣ ባጃጆች ላስቲካቸውን አውርደው ነው የሚሠሩት። ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ተሰብስበን ጀማሪ ደራሲዎች ሲያነቡ ግን እርስዎ አይቀሩም። «ፀሐይ ከጅሬን ኮረብታ ጀርባ ወርቃማ ጮራዋን ፈነጠቀች።» ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ልጁ እርስዎን ለማሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ታሪኩ ስለ ሌሊት ሌባ ቢሆንም ለእርስዎ ግድ የለም። ሌባው እስኪመሽለት ድረስ ወጥተው፣ ሞቀው፣ ጠልቀው፣ ሁለት ገጽ በልተው ነው የሚሄዱት።

ብቻዎን ቢመጡ ደግሞ ባልከፋ። አውራ ዶሮ ያስከትላሉ፤ ከተሜ ከሆነ የስልክ ማንቂያ። ባለታሪኩ ይነቃል። ያዛጋል። ይንጠራራል። ከዚያ መስታወት ፊት ይቆምና ጠይም፣ ሎጋ፣ አፍንጫ ሰልካካ መሆኑን ይረዳል። 30 ዓመት አብሮት የኖረ አፍንጫ እኮ ነው! ቀጥሎ ቁርስ ይመጣል። ፍርፍር ነው። ሁልጊዜ ፍርፍር ነው። የሚጣላው ሰውዬ ምስኪን፣ ገጽ አራት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ለምን እንደሚጠሩዎት አውቃለሁ። ደራሲው ታሪኩ የት እንደሚጀምር ገና አልገባውም። ቀን ከጠዋት ስለሚጀምር ታሪኩንም ከጠዋት ይጀምረዋል። በረቂቅ ላይ ይሁን፣ እጅ ይፍታታ። ግን የምጣድ ማሟሻ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?

ጠበቃዎ የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜርን እንደሚጠቅስ ይሰማኛል። እውነት ነው፣ ሆሜር ጽጌረዳ ጣት ያላትን ንጋት ደጋግሞ ያነሳል። በር ላይ ግን አላቆማትም። ኢሊያድ የተባለው ድርሰቱ የሚከፈተው በጀግናው አኪሌስ ቁጣ ነው፤ የትሮይ ጦርነት 10ኛ ዓመቱን ይዟል፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጣልተዋል፣ ንጋት የምትመጣው በኋላ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስም ሆሜርን ያመሰገነው የትሮይን ጦርነት፣ የጦርነቱ መነሻ የሆነችው ሄለን በተረቱ ከተፈለፈለችበት እንቁላል ስላልጀመረው፣ አንባቢውን ነገሩ መሀል ስለጣለው ነው።

ዘመድዎ አቶ ዝናብ እንኳ ዋጋውን ከፍሏል። በ1830 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቡልወር ሊተን ልቦለዱን በጨለማና በወጀብ ሌሊት ከፈተ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ውድድር ጀመረ፤ ይሸለም የነበረው እጅግ መጥፎውን የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ነው። እርስዎን ግን እስካሁን የነካዎት የለም።

ባለፈው አንዱ ልጅ ጽሑፉን እንዲህ ጀመረ፦ «ሂርማታ ገበያ፣ ከድር ቡናውን ሊሸጥበት የቀረበው ሚዛን ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ከራሱ ደጃፍ የጠፋው ድንጋይ ነበር።» ቡና ቤቱ ጸጥ አለ። ሂርማታ ገበያ መሆናችንን፣ ከድር ቡና ሊሸጥ መምጣቱን፣ አንድ ሰው እንደሰረቀው ወዲያው ገባን። ከሁሉ በላይ ቀጥሎ ምን ያደርጋል የሚለው ያዘን። ይናገራል ወይስ ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ይላል? ስለ አፍንጫው የጠየቀ አልነበረም። እርስዎ ወጥተው እንደሆነም ማንም አላሰበ።

እርስዎን ያባረረ ሁሉ ግን ብልህ አይደለም። አንዳንዱ በምትክዎ ሬሳ ይዞ ይመጣል። ሟቹን ሳናውቀው ምን ብለን እናልቅስለት? ሌላው ደግሞ «ቁልፉን ለማን ሰጠሽው?» ብሎ በንግግር ይጀምርና፣ ማን ለማን የት ቆሞ እንደሚናገር ሳይነግረን ገጹን ይጨርሳል። በንግግር መክፈት ጥሩ ነው፤ ቶሎ ብሎ ሰዎቹን መሬት ማስያዝ ግን ያስፈልጋል።

ደግሞ የእርስዎ ችግር ምዕራፍ አንድ ላይ አያበቃም። ምዕራፍ ሁለት «በማግስቱ ፀሐይ...» ብሎ ይነሳል፣ ምዕራፍ ሦስትም እንደዚያው። እኔ ለልጆቹ የምላቸው፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ውስጥ አርፍዳችሁ ግቡ ነው። ሽምግልና ከሆነ መንገዱን፣ ሰላምታውን፣ ወንበር ፍለጋውን ተዉት። አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲቀዳ፣ አንዱ ሽማግሌ ያልተጠበቀ ነገር ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ግቡ። የቀረው ካስፈለገ እግረ መንገዱን ይነገራል።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል፣ አንድ በር ክፍት ትቼልዎታለሁ። ኅዳር ላይ ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ደመናው ወርዷል፣ እርስዎ ዛሬም ካልወጡ ጀንፈሉ ይሻግታል፣ ባለቤቱም የልጁን የሠርግ ወጪ በዚያ ቡና ላይ ጥሏል እንበል። እንግዲያው ይግቡ! በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ ከፈለጉ ከነወርቃማ ጮራዎ። እዚያ ላይ ሥራ አለዎት። እኛ የተቸገርነው ያለ ሥራ በር ላይ መቆምዎ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ አንዲት ልጅ አዲስ አጭር ልቦለድ ታነባለች። ስለ መናኸሪያ ነው አሉ፤ አውቶቡሱ ገና በጨለማ ነው የሚወጣው። እባክዎ ይተዉን፣ ይሂድ።

ከሠላምታ ጋር
ከጅማ አንድ የሰለቸው አንባቢ

ግልባጭ፦
ለአውራ ዶሮ
ለስልክ ማንቂያ
ለመኝታ ቤት መስታወት
ለፍርፍር (ከቁርስ ሰዓት ውጭም እንዲያውቀው)
ጅማ