የሳቅንበት ጥያቄ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። እናንተ ጋ ከመድረሴ በፊት ራሴን ብዙ ተቆጥቻለሁና ድምፄ ቢሻክርባችሁ ይቅር በሉኝ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጥሎ ገና ወሩ ነበር። ታስታውሱ እንደሆነ፣ መጋቢት ላይ ጓሳ ሣሩና አስታ ዛፉ መንደድ ጀመረ። ጠፋ ሲባል ሚያዝያ ላይ እንደገና ተነሳ። ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎቹ ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ ከእሳቱ ጋር የተናነቀው የአካባቢው ገበሬ፣ ወጣቱና የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ነው። በቅጠል እየመታ፣ አፈር እየበተነ፣ ገደል ለገደል በጀሪካን ውሃ እየተሸከመ። እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ፎቶውን ሼር አደረግን። የሚያለቅስ ፊትም አስከትለን።

ከዚያ አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የለም። ትልቅ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ተከራየ፣ እራት ተዘጋጀ። መድረኩ ላይ የተሰቀለው ባነር ላይ አንድ ግዙፍ ዋልያ ነበር። ቀንዱ ጣሪያው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። አዘጋጆቹ አንድ ስካውትም ከፓርኩ አጠገብ ካለችው ከደባርቅ ከተማ አስመጥተው ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ለዝግጅቱ የታተመውን ቲሸርት ከሸሚዛቸው በላይ አጥልቀውላቸዋል። እግራቸው ላይ ግን የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሁላችንም አይተን አለፍን።

የመድረክ መሪው "ጀግናችን!" እያለ ጠራቸው። ተነስተን አጨበጨብን። ስለ እሳቱ ጥቂት ተናገሩ፤ ወሬ የሚያበዙ ሰው አይደሉም። ከዚያ ቃል መግባት ተጀመረ።

ይህቺን ሰዓት መቼም ሁላችንም እናውቃታለን። ማይኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ ሃምሳ ሺህ ሲል አዳራሹ ይናወጣል። ከጎኑ ያለው ወዲያው መቶ ሺህ ይላል። ለዋልያው ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ በጎረቤቱ መበለጡ ከንክኖት ነው። አንዷ በእናቷ ስም፣ አንዱ በልጁ ስም። እኔም ተነሳሁ። አስር ሺህ ብር አልኩ። በዚያን ጊዜ ለእኔ ቀላል ብር አልነበረም፤ ጭብጨባው ግን ሞቀኝ። ስሜንና ስልኬን ወረቀት ላይ ሞልቼ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ሞቅታው ጋብ ሲል ስካውቱ እጃቸውን አወጡ። ማይኩ ተሰጣቸው። ሊያመሰግኑን ነው ብለን ፈገግ አልን።

"ይቅርታ አድርጉልኝ ጌቶቼ" አሉ። "ይህ ሁሉ ገንዘብ ሲመጣ በማን እጅ ነው የሚቀመጠው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ክፉ ሳቅ አልነበረም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሕፃን ልጅ እንግዳ ፊት ያልታሰበ ነገር ሲናገር የምንስቀው ዓይነት፣ የፍቅር ሳቅ ነበር። የመድረክ መሪው "አባታችን ኦዲተር ሆኑብን!" ብሎ ቀለደ። እንደገና ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ያውም ከጎኔ ወደተቀመጠው ወደማላውቀው ሰው ዞር ብዬ ዓይን ለዓይን እየተያየሁ። እሳቸው ግን ማይኩን እንደያዙ ቆመዋል። መልስ እየጠበቁ ነበር። ያልገባን መስሏቸው ሊያስረዱን ሞከሩ። አንድ ጊዜ መኪና ተሰጥቷቸው ነዳጅ የሚሞላለት ጠፍቶ ቆሞ ቀረ። ሌላ ጊዜ የሬዲዮ መገናኛ መጣ፤ ባትሪው ሲደክም የሚተካው ስላልነበረ ሳጥን ውስጥ ገባ። "ያመጡት ሰዎች ደጎች ነበሩ" ሲሉ ሙዚቃው ተከፈተ። እራት ቀርቧላ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኮሚቴው አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ አልኳት። ስብሰባ ላይ አልነበርኩም። ሁለተኛ ስትደውል አላነሳሁም። ከዚያ ቁጥሯን "ኮሚቴ" ብዬ ስልኬ ላይ መዘገብኩት። ለምን ብትሉ፣ በስህተት እንዳላነሳው። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ እየጋለ ነው። ቆይቶ ከአዘጋጆቹ አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁትና እንዴት ሆነ አልኩት። በእጅ የገባው ብር የአዳራሹንና የእራቱን ሂሳብ ዘግቶ እዚህ ግባ የሚባል አልተረፈም አለኝ። ሆቴሉ ቃል አይቀበልማ።

ወገኖቼ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በስሙ ብሔራዊ ቡድን ሰይመናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ሲገባ "ዋልያዎቹ!" እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከላሊበላ ጋር እኩል። ይህንን ለፈረንጅ ስናወራ አንደኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ እስከ 2017 ሃያ አንድ ዓመት እዚያ ሲቆይ ግን ማንኛችን እንቅልፍ አጣን? ከዝርዝሩ እንዲወጣ ዋጋ የከፈለው ከብቱን ከግጦሽ የከለከለው ደገኛ ነው። የግጭ መንደር ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሰፍሯል። አያት ቅድመ አያቱ የኖሩበትን ቀዬ ትቶ። እኛ ደግሞ እራት በላን።

አጨብጭበን የምንሰጠው አንድ ቀን ነው። ፓርክ ደግሞ የሚኖረው በየወሩ ነው። ደሞዝ፣ ነዳጅ፣ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውርጭ ላይ ለሚያድር ሰው ስንቅ። ባለፈው ወር የተከፈለ ደሞዝ የዚህን ወር አዳኝ አያስቆምም። የሞዛምቢክን የጎሮንጎሳ ፓርክ ተመልከቱ። የሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነት አውሬውን ጨርሶት ነበር ማለት ይቻላል። መልሶ ለማቋቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ የአሜሪካ ፋውንዴሽን ጋር የተፈረመው ውል የሃያ ዓመት ነው። ሃያ ዓመት! የእኔ ቃል ከሃያ ቀን ብዙም አላለፈም። ሩዋንዳም የአካጌራ ፓርክን እ.ኤ.አ. በ2010 ፓርኮችን ከሚያስተዳድረው ድርጅት ከአፍሪካን ፓርክስ ጋር በጋራ ማስተዳደር ስትጀምር ያስቀደመችው በማን እጅ ይሁን የሚለውን ነው። አንበሳው በ2015፣ አውራሪሱ በ2017 ከዚያ በኋላ መጡ። ይኸው ድርጅት እኛም ጋ መጥቶ ነበር፤ ነጭ ሳርና ኦሞ ፓርኮች። ፓርኮቹ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ነገር እልባት ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2008 ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ረጅም ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ከዚያች ምሽት በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ኮሮና መጣና ቱሪስቱ ቀረ። የደባርቅ አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይና ምግብ አብሳይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ወዲያው ጦርነቱ ተከተለ፤ እዚያው ደባርቅ አካባቢ ድረስ ዘለቀ። ጥበቃው ሲላላ ዋልያ ታደነ፣ ቁጥሩም አሽቆለቆለ። ዜናውን የሰማሁት ሶፋ ላይ ሆኜ ነው። ወይኔ አልኩ። ወይኔ ማለት መቼም ብር አያስከፍልም።

ባለፈው ወር ግን አላስችል አለኝና "ኮሚቴ" የሚለውን ቁጥር አውጥቼ ደወልኩ። አገልግሎት ላይ የለም። የባንክ ሂሳቡን አጠያየቅኩ፤ ከተዘጋ ቆይቷል። አስር ሺህ ብሬን ይዤ የሚቀበለኝ አጣሁ። እሱም ቢሆን የያኔው አስር ሺህ አይደለም። እሳቸው ማይክ ይዘው የጠየቁን ይህንኑ ነበር እኮ!

አንድ የማውቀው አስጎብኚ የስካውቱን ስልክ ፈልጎ ሰጠኝ። ራሴን አስተዋወቅኩ። አላስታወሱኝም፤ ምሽቷን ግን አስታወሱ። "ምግቡ ጥሩ ነበር" አሉኝ። እኔም ስቄብዎት ነበር አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

"ሁሉም ስቋል" አሉ።

ስለተቃጠለው አስታ ጠየቅኳቸው። ከሥሩ አቆጥቁጧል፣ ቀስ እያለ ነው አሉ። ዋልያስ? "አልፎ አልፎ እናያለን። ግልገልም አይቻለሁ።" ከዚህ በላይ አላሉም፤ እኔም አልጨቀጨቅኳቸውም። ገንዘቡን ልላክልዎት ስላቸው ቆጣ አሉ። ብሩ በእሳቸው እጅ ምን ሊሆን ነው? ይልቅ ጫማ ላክ አሉኝ። ለእሳቸው 42። ለባልደረቦቻቸው ደግሞ 41፣ 43 እና 40፤ አንዱ እግሩ ሰፋ ያለ ስለሆነ ልብ በል ብለው አስጠነቀቁኝ።

አራት ጥንድ ጫማ ፓርክ አያድንም። አውቃለሁ። እኔ አሁን ማወቅ የቻልኩት የእነዚህን አራት ሰዎች የእግር ቁጥር ነው። ከእናንተም መሃል ያቺ ወረቀት ላይ ስሙን የጻፈ አይጠፋም። ምናልባት አጠገቤ ተቀምጠህ የሳቅከው አንተ ነህ። ስካውቱ ሌሎችም አሉ፣ ቁጥራቸውን እጠይቅልሃለሁ ብለውኛል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን በአውቶብስ እልካለሁ አልኳቸው።

"ደህና። ደረሰኙን ካርቶኑ ውስጥ ክተተው" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። አልሳቅኩም።