መሐል ላይ ተከራዩ አሉን

እኔ የማስተምረው አማኑኤል ከተማ፣ ባለቤቴ የምትሠራው ሉማሜ ከተማ። ደብረ ማርቆስ ከመካከል ናት፤ የእኔ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ የእሷ ወደ ደጀን። ሰው ሁሉ «መሐል ላይ ተከራዩና ተገላገሉ» ይለናል። ለመናገርማ ቀላል ነው! ለእኔ መውጫ የቀረበ ቤት ስናገኝ እሷ ጎህ ሳይቀድ ከተማውን አቋርጣ መኪና ፍለጋ ትሄዳለች፤ ለእሷ ሲቀርብ ተራው የእኔ ነው። መሐሉ ላይ ያገኘነው ቤት ደግሞ ሁለታችንንም እኩል አስረፈደን። ባጃጅ ቢገኝ እንኳ ሚኒባሱ ካልሞላ አይነቃነቅም፤ ረዳቱ በዚያ ብርድ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ግማሽ ሰዓት ይጮኻል፣ አንዱ ሰው ግን ሁልጊዜ አራት ነው። ደላላውን ስለ መንገድ ስጠይቀው የግቢውን ጉድጓድ ውኃ ያሳየኛል። ትናንት ማታ ባለቤቴ «ለምን አንተ ዝውውር አትጠይቅም?» አለችኝ። ለምን እኔ?