ለሰፈራችን የሕገ መንግሥት ጉባኤ ጭብጨባ ይገባዋል

አቦ የድሬን ሰው ሁሌ በፍቅሩ ብቻ ነው የምታመሰግኑት፣ ግፍ ነው። የሕግ ሊቆቻችንን ማን ያመስግን? ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ከሱ በፊት የሚያጣራ 11 አባላት ያሉት ጉባኤም አዲስ አበባ አለ ይባላል። ምን ያደርጋል ያ ሁሉ ሰው? እኛ ከዚራ ሰፈር አራት ሰውና አንድ እስር ጫት ይበቃናል።

ሰሞኑን የቀረበው የግብረ ሰዶም ኬዝ ከባድ ነበር። ሁለት ወንደላጤዎች አንድ ክፍል ተከራይተዋል፣ አንዱ ጆሮው ላይ ሎቲ ነገር አለ፣ ያውም ማታ መስኮት ይዘጋሉ። በድሬ ሙቀት መስኮት መዝጋት! ማስረጃው እዛው ተጠናቀቀ።

መሃላችን አንድ የሕግ ተማሪ ነበር፣ ምስኪን ገና አልበሰለም፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፣ እሱም ፍርድ ቤት ሲያረጋግጥ፣ ቅጣቱም ቀላል እስራት ነው ምናምን አለ። ጉባኤያችን ድርጊት አይጠብቅም ወንድሜ፣ አረማመድ ይበቃል፣ የጸጉር ቁርጥ ካለበት ደሞ ማክበጃ ነው። ልጁ አላረፈም፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 አመጣ፣ የሰው ቤት ዝም ብሎ አይበረበርም፣ በስልክ የሚያወራውም አይደፈርም አለ። ሰብሳቢያችን ግን አንቀጹን እስከ ንዑስ 3 ድረስ ጠጥቶታል፣ እዛ ውስጥ "ሞራል" የምትል ቃል አለች፣ እሷን ይዞ "አስገዳጅ ሁኔታ"ና "ዝርዝር ሕግ" የሚሉትን ለቀቃቸው፣ ትንፋሽ ለምን ይባክናል።

ሌላው ዓለም እኮ በዚህ ጉዳይ ፍዳውን ነው የሚያየው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዋቂዎች በፈቃዳቸው በጓዳቸው የሚያደርጉት ወንጀል አይደለም አለ፣ በዓመቱ የኬንያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ ግል ሕይወት መብት የቀረበለትን ክርክር ሰምቶ ሕጉ ይቆይ አለ፣ ቦትስዋና ደሞ በዛው ዓመት ሻረችው፣ መንግሥት ይግባኝ ብሎ በ2021 ተረታ። ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ ይግባኝ፣ ብክነት ብቻ! እኛ ጋ ምርቃናው ሳይመጣ ፍርዱ ይወጣል።

ለማጣራት ያህል የተከራዮቹ ስልክ ይበርበር ተባለ። ተማሪው "እሺ፣ ከናንተ እንጀምር፣ ጋለሪ ክፈቱ" ሲል አራቱም ስልካቸውን ትራስ ስር ከተቱ፣ አንቀጽ 26 ወዲያው ሥራ ላይ ዋለች።

ብያኔው ግን ጸንቷል፣ ወንድና ወንድ ተጠጋግቶ መኖር ለሰፈሩ ሞራል አደጋ ነው ተብሏል። ሰብሳቢው ይህን ያሰማው የጓደኛውን ጭን ተንተርሶ ነው፣ ጓደኛውም ቀንበጥ ቀንበጡን እየመረጠ ያጎርሰው ነበር።