ልብሳቸውን ላላወለቁ ኮምፒውተሮች የምስጋና ቃል

በዚህች አገር ለኮምፒውተር የሚሰጠው ክብር ያስቀናል። ሰው በክረምት ጋቢ ሲያምረው፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ግን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ልብስ ለብሶ፣ በር ተቆልፎለት፣ መጋረጃ ወርዶለት ይኖራል። ሞኒተሩ የራሱ ልብስ፣ ኬዙ የራሱ ልብስ አለው፤ ኪቦርዱ እንኳ ነጠላ ቢጤ ጣል ተደርጎለታል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። ልጆቹም የኪቦርዱን ፊደል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሣለው ሥዕል ያጠናሉ። ጣት ያልነካው ዕቃ አይበላሽምና ይህን ጥበብ ማመስገን ሲገባ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ የሚተርቱ ሰዎች በዝተዋል። ውለታ ቢስነት ነው።

ልምዱ የቆየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባላቸው ትምህርቱ በሳተላይት ይወርድ ነበር፤ መብራት ከሄደ ሳተላይቱ አይጠብቅም፣ ያለፈው አለፈ ነው። ከዚያ ብዙ ተምረናል። ዛሬ ምንም አያልፈንም፤ ማሽኑን ካልከፈትነው ምን ያልፈናል?

አሁን ደግሞ ዘመኑ የ«ወጥ ማድረግ» ነው። ስምንት ትምህርት ቤት ያሉት አንድ ወረዳ እንውሰድ። ዕቅዱ ላይ «የትምህርት ቤቶችን የኮምፒውተር ሥርዓት ወጥ ማድረግና ማዘመን» የሚል መስመር ሰፍሯል። ግትር ባለሙያ ቢጠየቅ መጀመሪያ ቆጠራ ይላል። በየኮምፒውተር ክፍሉ፣ በየላቡ፣ እየገባ የፕሮሰሰሩን (የማሽኑን አንጎል) ትውልድ፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው ይሁን ፈጣኑና የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ፣ የሞኒተሩ መሰኪያ ቪጂኤ ይሁን ዲስፕሌይ ፖርት ልመዝግብ ይላል። ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ደግነቱ እንዲህ ያለ ሰው ኮሚቴ ውስጥ አይገባም።

ኮሚቴው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የአምናውን ስፔሲፊኬሽን ያወጣና ዓመተ ምሕረቱን ይቀይራል። ወረቀቱ «ኮር አይ 5፣ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ» ይላል። የፕሮሰሰሩ ትውልድ አልተጻፈም። ትውልድ መጥቀስ ነጋዴን መጠራጠር ይመስላል፤ እኛ ደግሞ ጨዋዎች ነን። አይ 5 ማለት ግን «ቶዮታ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አይ 5-2400 አለ፤ በ2018 የወጣ አይ 5-8500ም አለ። ሁለቱም በጨረታ ሰነድ ፊት አይ 5 ናቸው። ነጋዴውም ማንበብ ይችላል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል፣ ዝቅተኛው ዋጋም ያረጀውን ትውልድ ተወልውሎና በአዲስ ካርቶን ታሽጎ ይዞልን ይመጣል።

በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ዕቃው ሰኔ 28 ይገባል። የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ይቆረጣል። የጥራት ፍተሻ ማለት ካርቶን መቁጠር ነው፤ 30 ተብሎ 30 ከሆነ ጥራቱ ተረጋገጠ።

ስምንቱ ትምህርት ቤቶች ለየብቻቸው፣ በየዓመቱ፣ ከየአቅጣጫው ስለሚገዙ ወረዳው በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ሳያስበው የኮምፒውተር ሙዚየም ይኖረዋል። የአንዱ ኩባንያ ፓወር ሳፕላይ በመጠንም በመሰኪያም ብዙ ጊዜ ለሌላው አይሆንም። ዲዲአር 3 ራም ዲዲአር 4 ቦታ ላይ አይገባም፤ ሥርጉዱ ሌላ ቦታ ነው፤ ጉልበት ያለው ሰው ግን ያስገባዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አይሠሩም። ቪጂኤ ብቻ ያለው ሞኒተርና ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ያለው ኬዝ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተፋጠው ዓመት ያሳልፋሉ፤ የሚያስታርቃቸው ኮንቨርተር በስፔሲፊኬሽኑ አልነበረማ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጡት ደግሞ አንዳንዶቹ ከኋላቸው ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው፤ 115 ላይ ተቀምጣለች። እኛ ቤት 220 ቮልት ነው። ማንም ገልብጦ አያያትም። ሲሰካ አንዴ «ጧ!» ይላል፣ ሽታው ላቡን ይሞላዋል፣ ተማሪዎች ያጨበጭባሉ። ተግባራዊ የፊዚክስ ትምህርት በነፃ።

ያ ግትር ባለሙያ አሁንም አፉን አይዘጋም። አሮጌውን አትጣሉት፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥታችሁ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ራሙን 8 ጊጋ ብታደርጉት ያ የ2011 ማሽን ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል ይላል። አንድ እናት ማሽን አዘጋጁ፣ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ጫኑበት፣ ሲስፕረፕ በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ መለያውን አጥፉለት፣ ከዚያ ዲስክን እንዳለ በሚገለብጠው ፕሮግራም፣ በክሎንዚላ፣ ለሌሎቹ ገልብጡ ይላል። በ100 ሜጋቢት ስዊች 30 ጊጋ የሚሆን የዲስክ ቅጂ ቢፈጥን በ40 ደቂቃ ያልቃል፤ መልቲካስት ካደረጋችሁት 30ውም በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ ብሎ በሒሳብ ሊያስጨንቀን ይሞክራል። እኛ ግን የሠራተኛውን ጥቅም እናስባለን። አንድ ባለሙያ አንድ ፍላሽ ይዞ እያንዳንዱን በየተራ ቢጭን፣ ለአንዱ ሁለት ሰዓት ብንል፣ ለአንድ ላብ 60 ሰዓት ነው። በ60 ሰዓት ውስጥ ያለውን አበል ክሎንዚላ ይከፍለዋል?

አንዳንዱ ትምህርት ቤት መገልበጡን ሞክሮት ነበር፣ ሲስፕረፑን ዘልሎ። ሠላሳዎቹም «ፒሲ-01» ሆነው ተነሡ፤ በእጅ የተሰጠው የኔትወርክ አድራሻ፣ አይፒውም፣ አብሮ ስለተገለበጠ አንዱ ኔትወርክ ላይ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ወጥነት ከተባለ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

የዊንዶውሱ ጉዳይ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን የተወው ጥር 5 ቀን 2012፣ ዊንዶውስ 10ን ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ካላየም ወይ ፍንክች። ኮሚቴው ግን መላ አላጣም፦ ዊንዶውስ 7 ላይ የዊንዶውስ 11ን ሰማያዊ አበባ ዎልፔፐር አድርጎ ፎቶ አንሥቷል። ሪፖርቱ ላይ «ማዘመን፦ 100 በመቶ» የሚለው ከዚያ ፎቶ በታች ነው። ላይሰንሱን ያለ ክፍያ ሰብሮ የሚከፍተው ክራክ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ የሚልበት ምክንያት አለው፣ እኛ ግን ታዛዦች ነን።

ስምንቱን ትምህርት ቤቶች የሚያገናኝ ኔትወርክ የለም የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው። ፍላሽ አለ። የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገቡ፣ ሮስተሩ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ደብዳቤው ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት በዚያው አንድ ፍላሽ ይመላለሳል፤ ፎልደሮቹን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም አብሮ ይመላለሳል። በወረዳው ውስጥ በስምንቱም ትምህርት ቤት በእኩልነት የተዳረሰ ብቸኛው ሶፍትዌር እሱ ነው።

ሮስተሩ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ወዲህ የአማርኛ ፎንት ይዞ ይመጣል። የእኛ ጸሐፊ ግን በድሮው ፎንት ይጽፋሉ። የድሮዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቁጥር ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የተማሪው ስም የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና የቅንፍ ድብልቅ ይሆናል። በስም ተራ ደርድር ቢሉት በ«ሀ» ሳይሆን በላቲኑ ይደረድረዋል፤ ፈልግ ቢሉት አያገኝም። ፎንት ብቻ መቀየር አያድነውም፣ ጽሑፉ ራሱ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መዞር አለበት፤ ይህን ለማድረግ ግን ስምንቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ የመጻፊያ ስልት መስማማት ይጠበቅባቸዋል። ምን በወጣቸው! አትመው፣ ማኅተም አድርገው፣ በእግር ይልኩታል፤ ወረዳው ላይ ሌላ ጸሐፊ እንደ አዲስ ይተይቡታል። የሥራ ዕድል ፈጠራ ይሏል ይሄ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የንብረት ሕጋችን ነው። ላቡ ውስጥ ካሉት 30 ማሽኖች 11ዱ ሞተዋል እንበል። አንዱ ማዘርቦርዱ፣ ሌላው ፓወር ሳፕላዩ፣ ሦስተኛው ራሙ ነው የሄደው። ማንም ሰው ከሞቱት ነቅሎ ቢያንስ አራት አምስቱን ያስነሣል። ግን ሞዴል 19 ላይ «ኮምፒውተር 30» ተብሎ ገብቷል፤ ከአንዱ ራም ከነቀልክ ያ ኮምፒውተር ጎደለ፣ ጎደለ ማለት ተጠያቂ አለ ማለት ነው። ለማስወገድም አስወጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው እስኪቋቋም ሊቀ መንበሩ ይዛወራሉ። ስለዚህ ሬሳው በክብር፣ ከነልብሱ፣ ከሕያዋን ጋር ይቀመጣል። ሪፖርት ሲሠራም የተማሪና የኮምፒውተር ጥምርታ በ30 ይሰላል። ሙታንን ሳይረሳ የሚቆጥር የትኛው አገር ነው?

በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና በኦንላይንም መሰጠት ሲጀምር ግን ይህ ሁሉ ሰላም ተደፈረ። ላቡ ይከፈት ተባለ። ልብሱ ተገፈፈ፣ አቧራው ተነሣ፣ ሕያዋኑም ከሌላ ላብ በተዋሷቸው ወንድሞቻቸው ተሟልተው 30 ሆኑ። አንዱ ከነሞኒተሩ 120 ዋት ቢበላ 30ው 3,600 ዋት፣ በ220 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ነው፤ ኤክስቴንሽኑ በኤክስቴንሽን ላይ ተቀጣጥሎ ሁሉም ከአንድ ሶኬት ነው የሚጠጡት፣ ብሬከሩ ደግሞ 16 አምፔር። ሠላሳኛው ሲበራ ሁሉም ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ይደርሳል የተባለው ዩፒኤስስ? ባለ 12 ቮልት ባትሪው ሳይሞላ ዓመት ሙሉ ተቆልፎበት ውስጡ ነጭ አመድ ሠርቷል፤ አንዴ «ጢጥ» ብሎ ተሰናበተ።

በሁለተኛው ሙከራ በሁለት መስመር ተከፍሎ በራ። አሁን ደግሞ ሰዓታቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ቆይታ ቆይታ ስለሞተች ማሽኖቹ የነቁት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ብሮውዘሩም የድረ ገጹን የማንነት ሰርተፍኬት አይቶ «ይሄ ገና አልተሰጠም» ይላል፣ አይከፍትም። ተማሪው ኔትወርክ የለም ብሎ ይጮኻል፣ ኔትወርኩ ግን አለ። ባትሪዋ ከሱቅ የምትገዛ ሳንቲም የምታህል ነገር ናት፤ ለመግዛት ግን ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል።

የአንድ ማሽን ፋን ሲጮኽ የሰማ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ፣ ብርድ ነክቶት እንዳይሆን ብሎ ልብሱን መልሶ አልብሶታል። ፕሮሰሰሩ ግሎ በራሱ ጠፋ፣ ጸጥታም ሰፈነ።

ፈተናው እንዳለፈ በሩ ተቆለፈ። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ፕሮፎርማ እየተሰበሰበ ነው። ወረቀቱ አሁንም «ኮር አይ 5» ይላል። ዘንድሮ ግን ወጥ የማድረጉ ዕቅድ አልቀረም፦ ለስምንቱም ትምህርት ቤቶች፣ ለ240 ማሽን፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የኮምፒውተር ልብስ ታዝዟል፤ መለኪያው ተወስዷል፣ ላስቲኩ ሁለት ድርብ ነው፣ ደረቱ ላይ የወረዳው አርማ ይጠለፍበታል።