ሲከፋን እንወስን ወይስ እንደር?

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላል ተረቱ። ልክ ነው ወይ? አንዷ ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ከቡሬ ተከራክረውበታል።

ከደብረ ማርቆስ፦
ልክ ነው። የከፋው ሰው አይወስን፣ ይደር። ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ ሲል ሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። ማንም አልነካኝም፤ ቤቱ ጨለማ፣ ልብሱ እርጥብ፣ እኔም ዝም ብሎ ከፍቶኝ ነበር። ጳጉሜን ላይ ሳነበው የሌላ ሰው ጽሑፍ መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኖርበርት ሽዋርዝ እና ጄራልድ ክሎር ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያሳያል፦ ስለ ኑሯቸው በስልክ ሲጠየቁ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን የተደወለላቸው በዝናብ ቀን ከተደወለላቸው ይበልጥ በኑሯቸው ረክተው ተገኙ። ኑሯቸውን የመዘኑ መስሏቸው ሰማዩን መዘኑ።

ከቡሬ፦
እህቴ፣ ጥናቱን ጨርሺው እንጂ! አስቀድመው ስለ አየሩ የተጠየቁት ላይ ልዩነቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ዋናው ነገር ስሜቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው፣ ማደር አይደለም። ደግሞ ለምን መከፋት ብቻ ይወቀሳል? እኔን ያከሰረኝ ደስታ ነው። ልጄ በተመረቀ ሳምንት ገበያ ወጥቼ በሬ ገዛሁ። ቀንዱ ያማረ፣ ሻጩ ጨዋታ አዋቂ። ጥርሱን አላየሁ፣ ጫንቃውን አልዳበስኩ። ቤት ወስጄ ቀንበር ስጭንበት ተኛ! ከፍቶኝ ቢሆን አገላብጬ አየው ነበር። ጆሴፍ ፎርጋስና ባልደረቦቹ ሲድኒ ውስጥ ሲያጠኑም፣ ገበያተኞች ሱቅ ውስጥ ያዩትን ዕቃ ይበልጥ ያስታወሱት ዳመናና ዝናብ በሆነበት ቀን ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
ዕቃ ማስታወስና ሥራ መልቀቅ አንድ ነው እንዴ? ሲከፋኝ ጉድለት ቶሎ ይታየኛል፣ አልክድም። ግን ከጉድለት ሌላ ምንም አይታየኝም። እጄም አይነሳም፤ ያን ሳምንት ቡና ማፍላት እንኳን ተራራ ሆኖብኝ ነበር። «ለምን ከፋኝ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ደግሞ ትንሽ የቀለለው ሰው ነው። ክፉኛ የከፋው አይጠይቅም፣ እውነቱን ያየ ነው የሚመስለው።

ከቡሬ፦
ይህችን እቀበላለሁ። ነገር ግን እኛ ጋ ዝናቡ ከገባ ገበሬው ከፋውም አልከፋው ይዘራል፣ ልቡ እስኪረጋ ቢጠብቅ ወቅቱ ያልፈዋል። ለማደር ጊዜ ያለው ሰው ይደር። እኔ ግን አሁን በሬ ስገዛ ጎረቤቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ እኔ ደስ ብሎኝ ከሆነ ጥርሱን እሱ ያያል።